ቡና ምግብ ነው እንዴ?

ኦብሴ ሁለቱን ስኒዎች አጥባ ወደ ሴቶቹ ክፍል ስትመለስ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጨንቋት ነበር። አማት ኦፕራሲዮን ሊገቡ በተዘጋጁበት ጠዋት፣ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ያስወራል። እሷ ግን ደስ ብሏታል፣ ምን ታድርግ። ምልኬሳን ካገባች ጀምሮ እሷ ካፈላችው ቡና ከአንድ ጉንጭ በላይ ወስደው የማያውቁት አማቷ ወይዘሮ ዘርፉ፣ ዛሬ ማለዳ በቴርሞስ ያመጣችላቸውን ሁለት ስኒ ሙልጭ አድርገው ጠጥተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ዛሬ ገና ቡና አፈላሽ» ብለዋታል።

ይህቺን ቃል ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው ወይዘሮ ዘርፉን አያውቃቸውም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረው፣ ስኳር ቡና ውስጥ የሚጨምር ሰው ሲያዩ ይስቃሉ። የአርሲ ልጅ ናቸው፤ ቡናቸው ወተት፣ ጨውና የጣት ጫፍ የምታህል ቅቤ ካልገባበት ቡና አይደለም። ማለዳ ጀበናቸውን ማንም አይነካባቸውም። ከመጀመሪያው ስኒ በፊት ያናገራቸው ሰው መልስ አያገኝም፤ ከዘገየባቸው ደግሞ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያስሩና ቤተሰቡ ሁሉ በእግር ጣቱ ይራመዳል። በሌላ ሰው እጅ የተፈላ ቡና ራሳቸውን እንደማይፈታላቸው ለሰማ ሁሉ ተናግረዋል። የኦብሴን ሲቀበሉ አንዴ ፉት ይሉና «ጥሩ ነው» ብለው ያስቀምጡታል፤ እዚያው ይቀዘቅዛል።

ኦብሴ ደግሞ የሻይ ልጅ ናት። አባቷ መተሐራ አገዳ ቆራጭ ነበር፤ ገና ሳይነጋ በትልቅ ብርጭቆ፣ ስኳሩ ከታች ተኝቶ የሚታይ ሻይ ጠጥቶ ይወጣ ነበር፤ እሷም ከዚያው ብርጭቆ እየተሻማች ነው ያደገችው። ዛሬም አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ውላ እረፍት ሲደወል የምትሮጠው ወደ ሻይ ነው። አማቷ ሻይን «ቀለም የገባበት ውሃ» ይሉታል። ምራታቸውንም በጎረቤት ፊት «ሻይዋ» እያሉ ይጠሯታል። እየሳቁ ነው የሚሏት፣ ግን ይሏታል፤ ኦብሴም አብራ ትስቃለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን አንጀቷ ይቃጠላል።

ወደ ሆስፒታሉ ያመጣቸው እንቅርታቸው ነው። ለዓመታት እንደ ጌጥ ተሸክመውት የኖሩት እብጠት ዘንድሮ ወደ ውስጥ አድጎ ጉሮሯቸውን ያዘው። ጋደም ካሉ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው ማደር ከጀመሩ ሰንብተዋል። እንዲህ ያለውን የሚሠራው ሐኪም ከአዲስ አበባ አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚለው፤ አሁንም ሁለት ቀን ሠርቶ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመጣ ማንም እርግጠኛ አይደለም። ወንጂ የአገዳ መኪና የሚነዳው ልጃቸው ምልኬሳ ይህን ተራ ለማግኘት ያልለመነው ሰው፣ ያልቆመበት በር የለም።

ትናንት ማታ ነው ነርሷ ምልኬሳን ጠርታ እናቱ ከዚህ በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ የነገረችው። ምልኬሳ ገብቶ «ምግብ የሚባል እንዳትቀምሺ ተብሏል» አላቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ትእዛዙን እስከ ጥግ ድረስ አከበሩ፤ ትራሳቸው ስር የነበረችውን ዳቦ እንኳ አውጥተው ለሌላ ሰው ሰጡ። ልጃቸው ዞር ሲል ግን ምራታቸውን ጠጋ እንድትል ጠቀሷትና ነገ ስትመጣ ቡናቸውን፣ እንደ ራሳቸው አድርጋ፣ ይዛላቸው እንድትመጣ በጆሮዋ አዘዟት።

«ተከልክሏል እኮ፣ አዮ» አለች ኦብሴ። እናት ማለቷ ነው፤ ምልኬሳ እንደሚጠራቸው ነው የምትጠራቸው።

«የተከለከለው ምግብ ነው። ቡና ምግብ ነው እንዴ?»

ኦብሴ ክርክሩ ውስጥ ስህተት አላገኘችም። እሷ ራሷ ስንቴ «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፣ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብላ ታውቃለች። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ቡናና ሻይን ከምግብ የሚቆጥር ሰው ከወዴት ይመጣል። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ብትጠራጠርም ታመጣ ነበር፤ ምክንያቱም ወይዘሮ ዘርፉ ከእሷ እጅ ቡና ሲጠይቁ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ሌሊቱን ቤቷ ገብታ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ወተቱን አፍልታ፣ ጨውና ቅቤውን እየቀመሰች ለክታ አፈላችው። እንዲያ ተጠንቅቃ የሠራችው ነገር በሕይወቷ የለም።

አሁን ስኒዎቹን ይዛ ስትገባ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሲስተር ሀኒ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ካለችው ከአቦምሳ የመጣች ሴት ጋር እያወራች ነበር። ሴትየዋ ውሃስ ቢሆን ምን ችግር አለው ብላ ጠይቃ መሆን አለበት፤ ሀኒ ትዕግሥቷን ይዛ ታስረዳታለች። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ሽቅብ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ቢፈስ የሚያግደው የለም። እንዲያ ሆነው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች አሉ። ወተትና ቅባት ያለበት ነገር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ከሆድ ቶሎ አይወርድምና።

ኦብሴ እግሯ ከወለሉ ጋር ተጣበቀ። ወተት። ቅባት። በገዛ እጇ እየቀመሰች፣ እየለካች።

አልጋው ዳር ቁጭ አለችና ለአማቷ በሹክሹክታ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ አሁኑኑ ለሲስተሯ መንገር እንዳለባቸውም ጨመረች። ወይዘሮ ዘርፉ ፊታቸው አልተለወጠም። እጇን ያዙ፤ አያያዛቸው የታመመ ሰው አያያዝ አልነበረም። ሁለት ስኒ ቡና ማንን ገድሎ ያውቃል አሉ። እሳቸው እስከ ዛሬ ቡና ጠጥተው ነው የወለዱት፣ ቡና ጠጥተው ነው ባላቸውን የቀበሩት። ዛሬ ከተናገረች ይመልሷቸዋል፤ ተራውም ይሄዳል፣ ሐኪሙም ይሄዳል።

«ያን ጊዜ ግድግዳ ተደግፌ ታፍኜ እሞታለሁ። በአንቺ ምክንያት» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን አለሰለሱት። «በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር፣ ልጄ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም። ኦብሴ አንገቷን ደፋች። እነዚህ ሁለት ሴቶች በመካከላቸው ምስጢር ኖሯቸው አያውቅም፤ ለካ ምስጢር ሰውን ያቀራርባል፣ ለካ እንዲህ ይሞቃል። ሙቀቱ ውስጥ ግን ፍርሃቱ ቁጭ ብሏል። ብትናገር አማቷን ለሁልጊዜ ታጣለች። ዝም ብትል ምናልባት ዛሬውኑ ታጣቸዋለች።

ምልኬሳ ከፋርማሲ የታዘዘውን ጓንትና መድኃኒት በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ሰውየው በፍርሃትም በደስታም ሰክሯል፤ ሳያቋርጥ ያወራል። የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ ሚስቱን እንቅልፍ አልተኛሽም እንዴ ብሎ ቀለደባት። ልታስወጣው ብላ ክንዱን ልትጎትት ሞክራ ነበር ኦብሴ፣ ነገር ግን ባለ ጎማው አልጋ ከኋላው እየተንኳኳ መጣ። ስም ተጠራ። «ዘርፉ» ተባለ። ወይዘሮ ዘርፉ ቀጥ ብለው፣ ማንም ሳይደግፋቸው አልጋው ላይ ወጡ።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። ምልኬሳ በአንድ ወገን፣ ኦብሴ በሌላ ወገን ሆነው ተከተሉ። ኦብሴ ለራሷ ብዙ ነገር ነገረችው፤ ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፣ ከጠጡ ቆይቷል፣ ሲስተሯ ለማስፈራራት አጋንና ይሆናል፣ እሷ ማን ስለሆነች ነው በሐኪም ሥራ የምትገባው። አንዱም አላሳመናትም። አማቷ ከአልጋው ላይ ሆነው አይናቸውን ከእሷ አላነሱም። ይጠብቋታል።

የኦፕራሲዮኑ በር ላይ ሀኒ አልጋውን አስቆመችና ስማቸውንና ዕድሜያቸውን አረጋገጠች። ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀመሱት ነገር እንዳለ ጠየቀች።

«እህል በአፌ አልዞረም» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ። ይህ ውሸት አልነበረም።

«ውሃ? ሻይ? ቡና?»

«ምንም።»

ይህኛው ውሸት ነበር። ሀኒ ለረዳቶቹ ምልክት ሰጠች፤ አንደኛው በሩን በትከሻው ገፋ አደረገ። አልጋው ተንቀሳቀሰ።

«ጠጥተዋል» አለች ኦብሴ።

ድምፅዋ እጅግ አነስተኛ ስለነበር የሰማት መጀመሪያ ምልኬሳ ብቻ ነው። ዞሮ አያት። የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ደገመችው። «ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥተዋል። ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘርፉ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ ውሸቷን ነው አሉ። ይህች ልጅ ከመጀመሪያውም አትወዳቸውም፤ ድነው እንዲኖሩባት አትፈልግም። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ኦብሴ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ። ምልኬሳ ምን ነካሽ ይላታል። እናቱ በዚህ ዕድሜያቸው ዋሹ ማለቷ እንደሆነ፣ የምትናገረው ነገር ገብቷት እንደሆነ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይጠይቃታል። አንድ ቃል ነበራት፣ ተናግራዋለች።

ሀኒ ግን ወደ ኦብሴ ጠጋ አለች። «ጥቁር ቡና ነው?»

ጥያቄው እንደ በር ተከፈተላት። ጥቁር ነው ብትል ምናልባት ትንሽ አቆይተው ያስገቧቸው ይሆናል። አማቷም አሁን አይናቸውን መልሰውባታል፤ አይናቸው «ጥቁር ነው በይ» ይላታል። አልጋውም፣ ባሏም፣ ተራውም፣ ሁሉም «ጥቁር ነው በይ» ይላታል።

«በወተት ነው» አለች። «ቅቤም አለበት። ሁለት ስኒ።»

ምልኬሳ እናቱ ላይ ጎንበስ አለ። የዚህን ሁሉ ወር ልመና በአንድ ቃል ማዳን ፈልጎ ነው፤ የሚያድንበትንም ቃል አውቆታል። «አዮ፣ የአባዬ አጥንት ይውጋኝ በይና ግቢ። ሌላ አያስፈልግም።»

ወይዘሮ ዘርፉ አፋቸውን ከፈቱ፣ እንደገና ዘጉት። ቡና አልጠጣሁም ብለው ለሐኪም መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ በሞተው ባላቸው አጥንት መማል ሌላ ነው። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ጎትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምልኬሳ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ገባው።

የእሳቸው ተራ ለአቦምሳዋ ሴት ተሰጠ። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ባዶው አልጋ ሳይቀዘቅዝ ነው የጠበቃቸው። ምልኬሳ ኦብሴን ግቢው ውስጥ አገኛትና ለምን ሰጠሻት ብቻ አላት። ስለጠየቁኝ ነው አለችው፤ እውነት ብትሆንም መልሷ ለራሷም አላጠገባትም። ጥሏት ሄደ፤ ሐኪሙን ሊለምን፣ ሀኒን ሊለምን፣ ዘበኛውንም ቢሆን ሊለምን። ከሰዓት በኋላ ሀኒ ራሷ መጣች። ሐኪሙ ነገ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ጠዋት አንድ ሰው፣ ወይዘሮ ዘርፉን፣ ኦፕራሲዮን ለማድረግ ተስማምቷል። ነገር ግን የሚገቡት ምንም፣ አንድ ጉንጭ እንኳ፣ ካልቀመሱ ነው፤ ከነገ ወዲያ የሚባል የለም። ይህን ስትናገር ያየችው ምልኬሳን አልነበረም፣ ኦብሴን ነው።

ወይዘሮ ዘርፉ ከዚያ ወዲያ ምራታቸውን አላናገሯትም። ኦብሴ ፋብሪካ ደውላ ነገም እንደማትመጣ ተናግራ፣ አለቃዋ የጮኸባትን ሰምታ፣ አልጋው ስር ምንጣፍ ዘርግታ አደረች። እሷም አፏን ዘጋች። አማቷ ሳይጠጡ ከፊታቸው ሻይ ፉት ማለት አሳፈራት።

ሲነጋ የራስ ምታቱ መጣ። ሻሹን አጠበቁት፣ ፈቱት፣ ደግመው አሰሩት። መስኮቱን እንድትጋርደው በእጃቸው ምልክት ሰጧት፣ ብርሃኑ አይናቸውን እየወጋው። ማቃሰት የማይወዱ ሴት ጥርሳቸውን ነክሰው ሲያቃስቱ መስማት ለኦብሴ ከትናንቱ ስድብ ይብስ ነበር። አንድ ስኒ ብቻ፣ አንድ ስኒ ጥቁር ቡና ይህን ሁሉ ያጠፋው ነበር። ይህን እያወቁ ዝም ብሎ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ቡና ጠጪ በሚኖርበት ቤት ያደገ ያውቀዋል።

ፊቷን ልትታጠብ ወጣች፤ ብዙም አልቆየችም። ስትመለስ የአቦምሳዋ ሴት እህት አማል ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ጋር ቁርሷን ስትካፈል አገኘቻት። የአስታማሚ ወግ ነው፤ የቀዳ ሰው ጎረቤቱን ዘሎ አይጠጣም። አማል የሰው ክልከላ የት ታውቃለች፣ እህቷ በሰላም ወጥታላታለች፣ ደስ ብሏታል። ወይዘሮ ዘርፉ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው አፋቸው ስር አድርገዋል።

ኦብሴ ልቧ ቀጥ አለ። በሁለት እርምጃ ደርሳ ብርጭቆው ውስጥ አየች። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«እያሸተትኩት ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ። አይናቸው ቀልቷል። «ማሽተትም ተከልክሏል?»

አልተከለከለም አለቻቸው። ጥቂት አሸተቱ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፉት። «እንኪ። አንቺም ከትናንት ጀምሮ ምንም አልጠጣሽም። አይቻለሁ።»

ኦብሴ እንቢ ልትል ነበር፤ ሲያዩዋት ጊዜ ተቀበለች። እያንዳንዱን ጉንጭ ስትውጥ የእሳቸውም ጉሮሮ አብሮ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ይጣፍጣል ወይ ብለው ጠየቋት። ስኳሩ አንሷል አለች።

«ለአንቺ መቼ በቅቶ ያውቃል» አሉና አይናቸውን ጨፈኑ። ትናንት ስላሉት ነገር አንዳች አላነሱም። ይቅርታ የሚባል ነገር ከእሳቸው አፍ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ስም ሲጠራ ምልኬሳም መጣ። በኮሪደሩ ላይ እንደ ትናንቱ በሁለት ወገን ሆነው ተከተሉ። ምልኬሳ ሁለቱንም ሴቶች ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ የአልጋውን ጎማ እያየ ይሄዳል። በሩ ላይ ሀኒ ስምና ዕድሜ ጠየቀች፤ ወይዘሮ ዘርፉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው መለሱ።

«ዛሬስ፣ እናቴ? የቀመሱት ነገር አለ?»

ምልኬሳ ስለ እናቱ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ ዘርፉ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። በዚያው እጃቸው ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ምራታቸው አመለከቱ።

«እሷን ጠይቂያት» አሉ። «እኔ የምለውን ተዪው። እሷ ያለችሽን ያዢ።»

ሀኒ ወደ ኦብሴ ዞረች። ኦብሴ እንባዋ ቀደማት፤ በመዳፏ ጠረገችው።

«አልቀመሱም» አለች።

ሀኒ ሌላ ማንንም ሳትጠይቅ አልጋውን ወደ ውስጥ ገፋችው።